ለመንግሥት ያበደሩት ገንዘብ ሲመለስ
(ስለ ቦንድ፣ ስለ ወለዱና ስለ ግብሩ)

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ



ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጨረቃ ወይም ስለ እሳተ ገሞራ ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ጳጉሜ በቤታችን የሆነው ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ። የሰማዩን እያጠናን በራሳችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ወረቀት ምንነት አለማወቃችን የሚያሳፍር ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ይህች ጽሑፍ የምትናገረው ስለ ቦንድ ነው። ይኸውም ሕዝብ ለመንግሥት ያበደረው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ፣ ወለዱ እንዴት እንደሚታሰብ፣ ከወለዱም ላይ ግብር የሚከፈለው በምን አኳኋን እንደ ሆነ በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

የነገሩ መነሻ

እንደሚታወቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ተመረቀ። በዚያን ዕለት እኛም ሳንሱሲ በሚገኘው ቤታችን ተሰብስበን በዓሉን በቴሌቪዥን እንመለከት ነበር። ውሃው በግድቡ ላይ ሲወርድ አባቴ ብድግ አለና ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥኑን ስቦ አወጣ። ከልደት ካርዶቻችንና ከቤት ኪራይ ደረሰኞች በታች በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። አንዱ የ1,000 ብር፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው የ100 ብር ናቸው።

«ይኸውላችሁ፤ በዚህ ግድብ ላይ እኔም አለሁበት» አለ።

አባቴ በ2004 ዓ.ም. ደመወዙ በወር 1,200 ብር የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዙን ለግድቡ ለማዋል ቃል ገብቶ በየወሩ 100 ብር እየተቆረጠበት በ12 ወር ጨረሰ። እናቴ እንደምትናገረው በዚያ ዓመት ሥጋ የቀመስነው በበዓል በበዓል ብቻ ነው። እኔ ገና ሕፃን ስለ ነበርሁ አላስታውሰውም።

ታናሽ እህቴ ወረቀቶቹን አገላብጣ ካየች በኋላ «አባዬ፣ ታዲያ ብሩን መቼ ይመልሱልሃል?» ብላ ጠየቀችው። አባቴም ስቆ «ለአገር የሰጡት ይመለሳል እንዴ ልጄ? መዋጮ እኮ ነው» አላት። እኔ ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነብ መዋጮ የሚል ቃል አላገኘሁም። የተጻፈው ቦንድ ተብሎ ነው፤ የመክፈያው ዘመን አምስት ዓመት፣ ወለዱም በዓመት 5.5 በመቶ ይላል። በ2004 ዓ.ም. የተገዛ የአምስት ዓመት ቦንድ የሚከፈለው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቀኑ ከደረሰ ስምንት ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ይህን ስናገር እናቴ ቡና መቁላቷን አቆመች። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ጊዜ ስለ ተቃረበ የእህቴ መጫሚያና ደብተር ሲያሳስባት የሰነበተ ነውና። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ግን እጁን እያወዛወዘ፣ «ተዉት ይቅር! አንደኛ፣ ለአገር የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ ብትሄድም ግብር ብለው ግማሹን ይቆርጡብሃል» አለ። አባቴ ምንም ሳይመልስ ወረቀቶቹን ጠቅልሎ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው። እናቴም አንገቷን ደፋች።

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አንድ ሰው «ሳን ሱሲ» ማለት በዚያ ቋንቋ «ያለ ሐሳብ» ማለት እንደ ሆነ ነግሮኛል። በዚያች ሌሊት ግን የሳንሱሲው ቤታችን በሐሳብ ተይዞ አደረ። እኔም የጋሼን ሁለት ነገሮች፣ ነውሩንና ግብሩን፣ በሚገባ ለማጥናት ቆረጥሁ። ያገኘሁትም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ቦንድ ምንድን ነው?

ቦንድ የብድር ሰነድ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ይሰጣል፤ ተበዳሪውም ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብያለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ፣ እስከዚያም ድረስ ይህን ያህል ወለድ እከፍላለሁ ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል። ተበዳሪው መንግሥት ወይም የመንግሥት ድርጅት በሆነ ጊዜ የመንግሥት ቦንድ ይባላል።

ሦስት ነገሮችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። ስጦታ የማይመለስ ነው፤ ለምሳሌ ለሕዳሴው ግድብ በ8100 አጭር መልእክት እየላክን ያዋጣነው ገንዘብ ስጦታ ነው። አክሲዮን የባለቤትነት ድርሻ ነው፤ ባለ አክሲዮን ድርጅቱ ሲያተርፍ ይካፈላል፣ ሲከስርም አብሮ ይጎዳል። ቦንድ ግን ብድር ስለ ሆነ የያዘው ሰው ባለቤት ሳይሆን አበዳሪ ነው። አባቴ የተሳሳተው አንደኛውን ከሦስተኛው ጋር አደባልቆ ነው። ይህን ስሕተት የሚሠራ እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤቶቻችንን ስጠይቅ ተረድቻለሁ።

መንግሥት ከሕዝቡ መበደር ለምን አስፈለገው? የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲጣል የሥራው ወጪ ወደ 80 ቢሊዮን ብር ተገምቶ ነበር። በዓባይ ውሃ ላይ ባለው ክርክር ምክንያት ከውጭ አበዳሪዎች ገንዘብ ማግኘት ስላልተቻለ ወጪውን በአገር ውስጥ ገንዘብ መሸፈን ግድ ሆነ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በዚህ ዐይነት ቦንዱ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክና በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለሕዝብ ቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአምስት ዓመቱ 5.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሚቆየው 6 በመቶ ወለድ ነበረው። ወለድ መቀበል ሃይማኖታቸው ለማይፈቅድላቸው ደግሞ ወለድ የሌለው ተዘጋጅቶላቸዋል።

እንዲህ ያለው ብድር በኛ አገር ብቻ የተደረገ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1941 ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘጋጅ «ኢ» የተባለውን የቁጠባ ቦንድ ለሕዝቡ መሸጥ ጀመረ። አንድ ሰው 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከፍሎ የሚገዛው ቦንድ ከ10 ዓመት በኋላ 25 ዶላር ይሆንለት ነበር። የአሜሪካ ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው ቴምብር እየገዙና በደብተር እየለጠፉ ሲሞላላቸው በቦንድ ይለውጡት ነበር። ቀኑ ደርሶ ገንዘቡን የተቀበለ አሜሪካዊ አገሩን እንደ ካደ አልተቆጠረም።

እንግዲህ ለጋሼ የመጀመሪያ ነገር መልሱ ይህ ነው። ብድርን በቀኑ መቀበል ነውር አይደለም። ስጦታን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ብድር ግን ሲሰጥም ሲመለስም ክብር ያለው ነገር ነው። ከሕዝቡ ተበድሮ በቀኑ የሚመልስ መንግሥት ነገ ሌላ ሥራ በጀመረ ጊዜ እንደ ገና ሊበደር ይችላል። ስለዚህ ተበዳሪው ቃሉን ሲጠብቅና አበዳሪው ገንዘቡን ሲቀበል ሁለቱም ለአገር የሚጠቅም ሥራ ሠርተዋል።

2ኛ. ወለድ እንዴት ይታሰባል?

ይህን ክፍል ወላጆቻችን ያልፉት ይሆናል፤ ለጓደኞቼ ግን የሒሳብ ትምህርታችን ነው። ቀላል ወለድ የሚገኘው ዋናውን ገንዘብ በወለዱ ልክና በዘመኑ በማብዛት ነው። የአባቴ ዋና ገንዘብ 1,200 ብር፣ ልኩ 5.5 በመቶ፣ ዘመኑ 5 ዓመት ነው።

የአንድ ዓመት ወለድ፤ 1,200 × 5.5 ÷ 100 = 66 ብር
የአምስት ዓመት ወለድ፤ 66 × 5 = 330 ብር
ዋናውና ወለዱ አንድ ላይ፤ 1,200 + 330 = 1,530 ብር

ወለዱ በየዓመቱ በዋናው ላይ እየተደመረ ወለዱም ራሱ የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ድርብ ወለድ ይባላል። ያን ጊዜ ጠቅላላው 1,568 ብር ከ35 ሳንቲም ይመጣል። የሁለቱ ልዩነት በአምስት ዓመት 38 ብር ብቻ ነው፤ በሃያ ዓመት ግን እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ ቦንድ የሚገዛ ሰው ወለዱ ቀላል ነው ወይስ ድርብ ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ ከዚህ በታች የምሠራው በቀላሉ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቦንድ በጠቅላላው ወለድ የሚያስገኘው እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ነው። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ካልተቀበሉት ወይም ውሉን ካላሳደሱት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል እንጂ እንደ ዶሮ እንቁላል መጣሉን አይቀጥልም።

3ኛ. ግብሩስ?

ወለድ ገቢ ነው፤ ከገቢም ላይ ግብር ይከፈላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በአገር ውስጥ ባንክ ከተቀመጠ የቁጠባ ሒሳብ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ፣ በሌላ ዐይነት ወለድ ላይ 10 በመቶ ግብር ደንግጎ ነበር። አባቴ ቦንዱን መቀበል በነበረበት በ2009 ዓ.ም. የሚሠራበት ሕግ ይህ ነው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ የዛሬን ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ማሻሻያውን አብሮ ማንበብ ይገባዋል። ከዚህም ሌላ መንግሥት አንዳንድ ቦንዶችን ሕዝብ በብዛት እንዲገዛቸው ብሎ ወለዳቸውን ከግብር ነጻ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት ቦንዱ የተሸጠበት ውል ነው።

በዚህ ግብር አራት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

ሀ) ግብሩ የሚታሰበው በወለዱ ላይ ብቻ ነው። ዋናው ገንዘብ ገቢ አይደለም፤ ቀድሞም የራስ ነውና። አበድሮ የነበረ ሰው የገዛ ገንዘቡ ሲመለስለት አዲስ ነገር አላገኘም።

ለ) ግብሩን ቆርጦ ለመንግሥት ገቢ የሚያደርገው ወለዱን የሚከፍለው ባንክ ወይም ድርጅት ነው። ስለዚህ ወለድ ተቀባዩ ወደ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ሄዶ ሰልፍ አይዝም።

ሐ) ይህ ግብር የመጨረሻ ግብር ነው። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ያ ወለድ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ሁለተኛ ግብር አይጣልበትም።

መ) ወለድ የሌለው ቦንድ የወለድ ግብር የለውም፤ ግብር የሚጣልበት ነገር አላስገኘምና።

አሁን የጋሼን ሁለተኛ ነገር በቁጥር እንፈትነው። ውሉ ነጻ አያደርገውም ብለን ከፍተኛውን ልክ 10 በመቶ ብንወስድ፣

የወለዱ ግብር፤ 330 × 10 ÷ 100 = 33 ብር
ቢከፋ ቢከፋ ለአባቴ የሚቀረው፤ 1,530 − 33 = 1,497 ብር

ጋሼ ግማሽ ያለው እንግዲህ ከመቶው ሁለት ብር ከጥቂት ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። እኔም ራሴ መጀመሪያ ሒሳቡን ስሠራ 10 በመቶውን ከ1,530 ላይ ቆርጬ 153 ብር አምጥቼ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ወረቀቴን አይተው በቀይ እስክሪብቶ፣ «ለዋናው ገንዘብ ግብር ያስከፈልኸው በየትኛው አዋጅ ነው?» ብለው ጻፉበት። ጓደኞቼም ይህን ስሕተት እንዳትደግሙት አደራ እላለሁ።

4ኛ. በውጭ አገር ስላሉ ወገኖቻችን

ቦንዱ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በውጭ ገንዘብ ተሽጦ ስለ ነበር አሜሪካ የምትኖረውን አክስቴን በስልክ ጠየቅኋት። እርስዋ እንደ ነገረችኝ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ሰው ገቢውን በየትም አገር ያግኘው በየዓመቱ ለአሜሪካ መንግሥት ማስታወቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ባንክ ያገኘው ጥቂት ወለድ እንኳ ቢሆን አይቀርለትም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ከግብር ነጻ የሆነ ወለድ በሚኖርበት አገር ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። የአሜሪካ የራስዋ የቁጠባ ቦንድ ወለድ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር ሲከፈልበት ለክፍላተ ሀገሩና ለከተማው ግን አይከፈልበትም። ባለቤቱም ከፈለገ ግብሩን ቦንዱን እስከሚያስመልስበት ዓመት ድረስ ማቆየት ተፈቅዶለታል።

በዚሁ ነገር ላይ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በአሜሪካ ከሚኖሩ ከ3,100 ከሚበልጡ ሰዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል በቦንድ ሰብስቦ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ የሚሸጥ ቦንድ አስቀድሞ በአገሩ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ይህኛው አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ድርጅቱ ጥፋቱን አምኖ ወለድ የተጨመረበት ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ የምንማረው በጎ አሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሻጭም ሆነ ገዢ ቦንዱ የሚሸጥበትን አገር ሕግ ማወቅ አለበት።

5ኛ. ከግብር ይልቅ የሚያጎድለው

ሁላችንም የምንፈራው ግብርን ነው፤ ሌላ ስሙ በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ተቀናሽ ግን አለ። እርሱም የዕቃ ዋጋ መወደድ ነው።

አባቴ እንደሚያስታውሰው በ2004 ዓ.ም. የነበረው 1,200 ብር አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር። ዛሬ 1,530 ብር ይዞ እህል በረንዳ የወረደ ሰው ሩብ ኩንታል እንኳ አያገኝም። ይህን በቁጥር ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር በ1,200 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላ 1,932 ብር ከ61 ሳንቲም ይሆናል። ቦንዱ ግን የሚያስገኘው 1,530 ብር ስለ ሆነ 402 ብር ከ61 ሳንቲም ይጎድላል። ግብሩ ቢበዛ 33 ብር ነው፤ የዋጋ መወደድ የወሰደው ከዚያ አሥራ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። በእውነቱም በአገራችን ዋጋ በአንዳንድ ዓመታት ከ10 በመቶ እጅግ አብልጦ ጨምሯል፤ በ2014 የበጀት ዓመት አማካዩ ከ30 በመቶ በላይ ነበር።

ሌላው ጉዳት ደግሞ የመርሳት ጉዳት ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገው። አባቴ በ2009 ዓ.ም. ገንዘቡን ተቀብሎ 1,530 ብሩን በቁጠባ ደብተር አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ፣

የአንድ ዓመት ወለድ፤ 1,530 × 7 ÷ 100 = 107 ብር ከ10 ሳንቲም
5 በመቶ ግብር ሲቆረጥ፤ 5 ብር ከ36 ሳንቲም
የሚቀረው፤ 101 ብር ከ74 ሳንቲም

እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋልና 800 ብር ያህል ይሆን ነበር። ይህን ገንዘብ ግብር ሰብሳቢ አልወሰደውም፤ ሌባም አልሰረቀው። ከአልጋ ሥር ያለው ሣጥን ነው የበላው።

እንዲህ ስል ግን ቦንድ መግዛት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሳንሱሲ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ከተማችን ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ውሃውን የሚጠጣ ሰው ግን የግድቡ ወጪ ስንት ነበር ብሎ አይጠይቅም። የሕዳሴው ግድብም እንዲሁ ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ አሁንም 13 ተርባይኖች ያሉት፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሆኖ ቆሟል። አበዳሪው ያገኘው ጥቅም የወለዱ ብቻ አይደለም። ነገር ግን የሚከፈለውን ዋጋ አውቆ የሚያበድር ሰው ሳያውቅ ከሚያበድረው ይልቅ ክቡር ነው።

6ኛ. ቦንድ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ወላጆቻችን ይህን ክፍል ቆርጠው ቢያስቀምጡት መልካም ነው።

አንደኛ፣ ሰነዱን አውጥቶ ማንበብ፤ የማን ስም እንዳለበት፣ የተገዛበትን ቀን፣ የመክፈያውን ዘመንና የወለዱን ልክ መመልከት።

ሁለተኛ፣ የመክፈያውን ቀን ከልደት ቀን ጋር አብሮ በቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ሰነድ ከእርጥበትና ከአይጥ መጠበቅ፤ ግልባጩንም በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ።

አራተኛ፣ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ሰነድና መታወቂያ ይዞ ወደ ሸጠው ባንክ መሄድ። ባለ ስሙ በሕይወት ከሌለ ወራሾቹ አስቀድመው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋቸዋል።

አምስተኛ፣ ከመቀበል በፊት ሒሳቡን በቤት ሠርቶ መሄድ፤ በደረሰኙም ላይ ዋናውን፣ ወለዱንና ግብር ካለ ግብሩን ለይቶ መመልከት። ግብሩ ከወለዱ ላይ እንጂ ከዋናው ላይ አለመቆረጡን ማረጋገጥ።

ስድስተኛ፣ የተቀበሉትን ገንዘብ ምን እንደሚያደርጉት አስቀድሞ ከቤተ ሰብ ጋር መማከር።

ፍጻሜው

ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ በአዲስ ዓመት ማግስት ለአባቴ አነበብሁለት። ጋሼም ነበር። አባቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እንግዲያስ እስከ ዛሬ አበዳሪ ሆኜ ሳለሁ ራሴን ሰጪ አድርጌ ስኩራራ ኖሬአለሁ» ብሎ ሳቀ። እናቴም ሳቀች።

በሳምንቱ ሰኞ አባቴ ወረቀቶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ባንክ ሄደ። ሲመለስ ለእህቴ መጫሚያና ደብተር ይዞላት መጣ። ጋሼ ገና ከበር «ስንት ቆረጡህ?» ብሎ ቢጠይቀው ደረሰኙን ሰጠውና፣ «ራስህ አንብበው ጋሼ፤ ግማሹስ የትም አልሄደም» አለው።

ሰነዶቹ ሦስት ነበሩ። አባቴ ያስመለሰው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛውን፣ አንደኛውን የ100 ብር ቦንድ፣ በመስታወት ክፈፍ አስገብቶ ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔም ትምህርቴ ያልገባው መስሎኝ «አባዬ፣ ይኸኛውም እኮ 127 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ «እነዚያን ሳላውቅ ረስቻቸው ነበር። ይህን ግን ሒሳቡን አውቄ ለአገሬ ሰጥቼዋለሁ። ስጦታ ማለት ይህ ነው።»

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ወላጆቻችሁን «ሣጥናችን ውስጥ ቦንድ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለም አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ሒሳቡንም ሥሩት። ከዚያ በኋላ ቢያስመልሱትም ቢሰጡትም አውቀው ያደረጉት ይሆናል።